«ትርጉሙን ራሴ ብሠራውስ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልኩን የከፈትነው ቤተሰብን ወደ አሜሪካ ለማስመጣት ጉዳይ ነበር። ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ስፖንሰር ብዙ ይጠየቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ከደወሉት አብዛኞቹ ያነሡት ግን የወረቀት ትርጉምን ነው። ደስ ብሎኛል፤ በዚህች ትንሽ በምትመስል ነገር ስንት ቤተሰብ ወራት ሲጠብቅ አይቻለሁ። በአየር ላይ ያጠረብኝን ጨምሬ መልሶቹን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለች እህት፦ «ባለቤቴን ለማምጣት አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ ልሞላ ነው። የጋብቻ ወረቀታችን በአማርኛ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ። ራሴ ብተረጉመውስ? ኖተራይዝስ፣ ማለትም ፊርማው በኖተሪ መረጋገጥ አለበት?»

እህቴ፣ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደንብ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ትርጉሙ ሙሉ ይሁን። ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጥ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑንም ይግለጽ። በቃ። ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ብቻ ይሥራው አይልም፤ ኖተሪም አይጠይቅም። ስለዚህ ለኖተሪ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ።

አመልካቿ ራሷ አትተርጉም የሚል ክልከላም ደንቡ ውስጥ የለም። እኔ ግን አልመክርሽም። ጋብቻችሁ እውነተኛ መሆኑን የምታስረጂው አንቺ ነሽ። ማስረጃውን ጉዳዩ የማይነካው ሰው ቢተረጉመው ጥያቄ አያስነሣም። የሥራ ባልደረባሽ ወይም ሁለቱን ቋንቋ በደንብ የሚያውቅ የሰፈር ሰው ይበቃል። ከትርጉሙ ሥር በእንግሊዝኛ እንዲህ ይበል፦ «እኔ እገሌ አማርኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፌ አውቃለሁ፤ ለመተርጎምም ብቁ ነኝ። ከላይ ያለው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ትርጉም የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ስሙን፣ አድራሻውን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያክልበት።

ከአዲስ አበባ፣ ሚስቱ አሜሪካ ያለች ወንድም፦ «ትርጉም ቤት አስተርጉሜ ማኅተም ተመቶበታል። ይበቃል አይደል?»

ማኅተሙ ብቻውን አይበቃም፣ ወንድሜ። ብዙ ትርጉም ቤቶች ግርጌው ላይ ማኅተምና ፊርማ ያሳርፋሉ፤ ከላይ የጠቀስኩትን የማረጋገጫ ቃል ግን አይጽፉም። ወረቀቱን ከመቀበልህ በፊት እዚያው ቆመህ አንብበው። ቃሉ ከሌለ አጽፋቸው። ሚስትህ ጋ ከደረሰ በኋላ መመለሱ ጣጣ ነው።

ከሲያትል፦ «የልጄ ልደት ወረቀት አዲሱ ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን አለበት። እሱም ይተርጎም?»

ወረቀቱን ገልብጠህ እየው። ደንቡ የሚያወራው የውጭ ቋንቋ ስላለበት ማንኛውም ሰነድ ነው። ማኅተሙ በአማርኛ ብቻ ከሆነ፣ ወይም መዝጋቢው በእጁ በአማርኛ የጻፈው ነገር ካለ፣ እሱ ይተርጎም። ጀርባውም ጭምር። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛም ካለ ግን የሚተረጎም የለም።

ከሚኒያፖሊስ፣ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ አባት፦ «የልጄ ወረቀት ግንቦት 20 ቀን 2002 ይላል። ተርጓሚው ዓመቱን 2002 ብሎ እንዳለ ገልብጦታል። ችግር አለው?»

አለው፤ ከባድ ችግር ነው። ግንቦት 20 ቀን 2002 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሜይ 28 ቀን 2010 ነው። ፋይሉን የሚያየው ሰው 2002ን እንደ ራሱ አቆጣጠር ካነበበው ልጅህ በስምንት ዓመት ያድግበታል። ያላገባና ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ የዜጋ ልጅ የቪዛ ኮታ፣ ማለትም በየዓመቱ በቁጥር የተወሰነውን ቪዛ፣ አይጠብቅም። 21 ካለፈ ግን ለብዙ ዓመታት ወረፋ ወዳለው ምድብ ይሄዳል። አንድ ያልተቀየረ ቁጥር ልጅህን እንደ ትልቅ ሰው ሊያስቆጥረው ይችላል። ቁጥሮቹ ከፓስፖርቱም ጋር ይጋጫሉ።

ትክክለኛው አሠራር ሁለቱንም መጻፍ ነው። መጀመሪያ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ገልጾ፤ ቀጥሎ የፈረንጆቹን።

ስሌቱንም በግምት አትሥሩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ደግሞ ቀጣዩ ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 1980 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነበር፣ 11 አይደለም። ይህች የአንድ ቀን ዝንፈት እስከ የካቲት ትዘልቃለች። በስልክ መተግበሪያ ስትቀይሩም ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩ።

ከአትላንታ፦ «የልደት ወረቀቴ ላይ የአያቴ ስም ተሳስቷል። ተርጓሚው በእንግሊዝኛው ቢያስተካክልልኝስ?»

በፍጹም። የተርጓሚ ሥራ ያለውን እንዳለ ማስቀመጥ ነው። አማርኛው «ገብሬ» ብሎ እንግሊዝኛው «ገብረ ማርያም» ካለ ትርጉሙ ትክክል ነው ብሎ የፈረመው ሰው ዋሽቷል። አንቺንም ጭምር አደጋ ላይ ይጥልሻል። ስህተቱ የሚታረመው በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ የሚያመለክትልሽ ሕጋዊ ወኪል ይኑርሽ። የፊደል አጻጻፍ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ በብዙ መንገድ ይጻፋል። ተርጓሚው በፓስፖርትሽ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይከተል።

ከዳላስ፦ «የአራት ዓመት የቴሌግራም መልእክት አለን፣ ሁሉም በአማርኛ። ይሄ ሁሉ ሊተረጎም ነው?»

ያስገባኸው ሁሉ ይተረጎማል። ስለዚህ ምረጥ። ከትውውቃችሁ ጀምሮ ከየጊዜው ጥቂት ገጽ፤ ስለ ኪራይ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤተሰብ ሕመም፣ ስለ ላክኸው ብር ያወራችሁበትን። ቀኑ የሚታይበት ይሁን። የመረጥከውን ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች ያስተርጉሙልህ። ተርጓሚው «በአጭሩ ስለ ሠርጋቸው ተነጋገሩ» ብሎ ቢያሳጥረው አይቆጠርም። ያልተተረጎመ መቶ ገጽ ከማስገባት በደንብ የተተረጎመ አሥር ገጽ ይሻላል።

ከካልጋሪ፦ «ካናዳም እንደዚሁ ነው?»

አይደለም፤ ካናዳ ጠበቅ ይላል። ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይሁን። ተርጓሚው በሙያ ማኅበር የተመሰከረለት ካልሆነ ቃለ መሐላ ፈጽሞ የተፈረመ ወረቀት ያያይዛል። የቤተሰብ አባል መተርጎም አይችልም፤ የአክስት ልጅም ቢሆን፣ ሙያው ትርጉም ቢሆንም። የአሜሪካ ዘመድሽ የነገረሽን ለካናዳ አትጠቀሚበት።

በመጨረሻ ከሳንሆዜ የደወሉ እናት፦ «ልጄን ላመጣ ብዬ ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ የሚል ደብዳቤ ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን መጣብኝ። ትርጉሙ ጎደሎ ነው ይላል። ውድቅ ሆነብኝ ማለት ነው?»

አይደለም፣ እናቴ። ፋይልዎ አሁንም ክፍት ነው፤ የጎደለውን እንዲያሟሉ ነው የጠየቁዎት። ደብዳቤው ላይ የመጨረሻ ቀን ተጽፏል። የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው፤ አይራዘምም። ወረቀቱን እንደ አዲስ ሙሉውን ያስተርጉሙ፤ የማረጋገጫ ቃሉ መኖሩን ሰው ያንብብልዎት። የተጠየቁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይላክ፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በኋላ ማለት አይቻልም። የመጣልዎትን ደብዳቤ ዋናውን ከሁሉም በላይ ያድርጉት፣ ቅጂውን ቤት ያስቀሩ። መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ ይላኩት፤ የመጨረሻውን ሳምንትም አይጠብቁ።