የታችኛውን ላሜራ አትንኩት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጎንደርና የአዘዞ ጋራዥ ባለቤቶች፣ ተመራቂ ልጆቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ሙያ ክብር እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ይገባል፤ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ አባቶች «ቡዳ» እየተባሉ የተሰደቡበት አገር ነውና። እኔ ግን ዛሬ በኪሴ አንዲት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ይቺውና። ከኋላ ያላችሁ ላትታያችሁ ትችላለች፤ ቁመቷ ከጣቴ አይበልጥም። ስፖት ዌልድ ከተር ትባላለች፤ ትራፓኖ ላይ ተገጥማ ሁለት ላሜራ የተጣበቀበትን ነጥብ ቆርጣ የምታላቅቅ ናት። ባትላሜራ፣ የመኪና አካል ጥገና፣ ከጀመርኩ 27 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 11 ዓመታት ግን ያለ እሷ ነው የሠራሁት። የሚቆጨኝም እሱ ነው።

የመኪና አካል በብሎን ብቻ እንዳልተያያዘ ታውቃላችሁ። ፋብሪካው ሁለት ላሜራ ደርቦ በመዳብ ጫፎች ይጨምቅና ኤሌክትሪክ ይለቅበታል፤ ነጥቧ ቀልጣ ትጣበቃለች። እንዲህ ያለው ነጥብ በአንድ መኪና ላይ በሺዎች ይቆጠራል። የውጭው ላሜራ ውፍረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ አይሞላም። ታዲያ እኛ ምን ስናደርግ ኖርን? መሮ ሰክተን በመዶሻ! ወይም በግራይንደር ነጥቡን ከነአካባቢው መላጨት! የተጎዳው ላሜራ ይነሳል፤ ደህናው ግን ተቀዶና ተጣሞ ይቀራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ከመተማ መስመር አንድ ሚኒባስ መጣልኝ። ሰው ጭኖ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ «የበሩ ደፍ ትንሽ ዝጓል፤ ስቱኮ ቀባ አድርግልኝና ልሂድበት» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ደፉን በአውራ ጣቴ ገፋ ባደርገው ጣቴ ገባ። ስቱኮውን፣ የቀዳዳ መሙያውን ልጥፍ፣ ስፈቀፍቀው ከሥሩ ጋዜጣ ወጣ። ጋዜጣ! ውኃ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። እሱን ጠርጌ ባትሪ ሳበራ የውስጠኛው ላሜራ ላይ የመሮ ቅዳጅ አየሁ፤ ቆጠርኩት፣ 14 ነው። ያ ሁሉ ቀዳዳ ሳይደፈን፣ ጸረ ዝገት ሳይነካው፣ አዲስ ላሜራ ለጥፈውበት ወረቀት ጠቅጥቀው ቀብተውታል። መሮውን የመታው ማን እንደሆነ አላውቅም። አመታቱ ግን እኔ የተማርኩት አመታት ነው። እኔ በዚያ ዘመን የሠራኋቸው መኪኖች ዛሬ የት እንደሚሄዱ እያሰብኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጋራዥ ባለቤቶች፣ «ደንበኛው የሚያየው ቀለሙን ነው» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ቀለሙን ነው የሚያየው! ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ግን ቀለም ማንንም አያድንም! ለስቱኮ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ስታወጡ እጃችሁ አይያዝም፤ ለዚህች ለምን ይያዛል? ሠራተኛውንስ በምን ሥራ ብላችሁ ነው የምትቆጡት?

አመራረጧን ልንገራችሁ። አንደኛዋ ዓይነት እንደ ዘውድ ዙሪያዋን ጥርስ አላት፤ መሃሏ በስፕሪንግ የምትገፋ ሹል አለች። ነጥቧን ከብባ ትቆርጣለች፤ የተጣበቀችው ክብ ታች ትቀራለች፣ እሷን በግራይንደር ማስተካከል ነው። ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ትራፓኖው፣ መሰርሰሪያው፣ ትንሽ ካጋደለ ጥርሷ ይረግፋል። ሁለተኛዋ 8 ሚሊ ፑንታ፣ የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ ናት፤ ጫፏ ጠፍጣፋ ሆኖ መሃሉ ላይ ትንሽ ሹል አለው። «በተራው ፑንታስ?» የሚለኝ አይጠፋም። የተራው ፑንታ ጫፍ ሾጣጣ ነው፤ ጠርዙ የላይኛውን ሳይጨርስ ሹሉ የታችኛውን በስቶ ይወጣል። እኔ ጠፍጣፋዋን፣ ኮባልት ያለበትን ነው የምገዛ። በአዳዲስ መኪኖች የመሃል ምሰሶ ላይ ያለው ጠንካራ ብረት ግን እሷንም ያደነዝዛታል፤ እዚያ ካርባይድ የሚባለው በጣም ጠንካራ ዓይነት ያስፈልጋል።

አጠቃቀሟ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ክቧ ስርጉድ እስክትታይ ቀለሙን ፋቁ። መሃሏን በነጥብ መምቻ ምቱ፤ አለዚያ ትንሸራተታለች። ትራፓኖውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቀስ እያለ ይዙር፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ሦስት አራት ዙር፣ አቁሙ፣ እዩ። በክቡ ዙሪያ ቀጭን መስመር ስትመጣ የላይኛው አልቋል ማለት ነው፤ እዚያው ይበቃል። ከዚያ በስስ መሮ ቀስ ብላችሁ ብታላቅቁት በራሱ ይነሳል። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት በሁለቱ መሃል የዚንክ ፕራይመር ቀቡ። መነጽርም አድርጉ።

ውጭ፣ ከበሩ በስተግራ፣ የድሮ መኪና ምሰሶ ሞርሳ ላይ አስሬያለሁ። ትራፓኖውም ዘይቱም አለ፣ መነጽርም ሦስት አምጥቻለሁ። ከምሳ በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ነጥብ ታወጣላችሁ፤ የታችኛውን የበሳ ሌላ ነጥብ ይሰጠዋል። መጀመሪያ የምትወጡት የጋራዥ ባለቤቶች ናችሁ።