«ለሴት ልጅ ጎበዝ ናት» የምትባለዋ ሙገሳ ትቅርብን

የተከበራችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አመራሮች፣ መምህራን፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ የዛሬዎቹ ተሸላሚ ሴት ተማሪዎቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባጋ ነጋን ዱፍተን።

አጭር ንግግር አድርጊ ተብያለሁ። የጅማ ሰማይ ከሰዓት በኋላ እንደማይታመን ስለማውቅ፣ እኔም ዝናቡ ሳይቀድመኝ ለመጨረስ እሞክራለሁ። መምህር ማይክ ሲይዝ ግን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የምንሸልመው ሁለት ነገር አይተን ነው። አንዱ ግሬድ ነው። ሌላው ለማኅበረሰብ የተሰጠ አገልግሎት ነው። ግሬዱ አላስቸገረንም። ሬጅስትራርን ጠየቅን፤ ተሰልቶ፣ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት መጣ። አገልግሎቱ ግን የሚገኝበት ቢሮ የለም። የምርጫ ኮሚቴያችን ዶርም ለዶርም ሲዞር፣ መምህራንን ሲጠይቅ፣ ቀበሌ ድረስ ሲደውል የሰነበተው ለዚህ ነው። እኔም የኮሚቴው አባል ነበርኩ። ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ።

ልጆቹን «ከትምህርት ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ስንላቸው፣ ብዙዎቹ «ምንም» ነው ያሉን።

አንዷ «ምንም» ባይ የፋርማሲ ተማሪ ናት። ቆይተን ከዶርም ጓደኞቿ ስንሰማ፣ ለካ ማታ ማታ የመጀመሪያ ዓመት ልጆችን ሰብስባ ሒሳብና ኬሚስትሪ ታስጠናለች። ላይብረሪ ሲሞላ ኮሪደር ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብንላት፣ «እነሱማ እህቶቼ ናቸው፣ እሱም ይቆጠራል እንዴ?» አለችን። ሌላዋ፣ የክፍል ጓደኛዋ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ እየተመላለሰች አስታማታለች። ኖት ገልብጣ ትወስድላት ነበር። የታመመችው ልጅ ዓመቱ ሳይቃጠልባት ቀረ። ይህችም «ምንም» ካሉት ውስጥ ናት። የሕግ ተማሪዋ ደግሞ የልጅ ቀለብ ለሚጠይቁ እናቶች አቤቱታ በነጻ ትጽፋለች። እሷን የጠቆመችን ጉዳይዋን የጻፈችላት አንዲት እናት ናት እንጂ እሷማ ትንፍሽ አላለችም።

ችግኝ ተከላ ሲሆን ግን ባነር አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ፎቶ አለ፤ በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። በችግኝ አልቀልድም፣ ያስፈልገናል። ግን ሴት ስታስታምም፣ ስታስጠና፣ የከፋውን ሰው ስታጽናና «ያው ሴት አይደለች» ተብሎ የሚታለፈው ለምንድን ነው? ያ ሰዓት ከሰማይ አልወረደላትም። ነገ ፈተና እያለባት ከእንቅልፏ ቀንሳ የሰጠችው ነው። እናንተ ወላጆችም ቤታችሁ ውስጥ ይህን ታውቁታላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ከደብተሯ ላይ የምትነሳው የትኛዋ ልጅ ናት?

እንግዲህ የዛሬው ዝግጅት ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። «ምንም» የተባለውን ሥራ በስሙ ጠርተን መዝገብ ላይ ልናሰፍረው ነው።

ግሬዱ አላስቸገረንም ስል ቀላል ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። አገር ምድሩ ደነገጠ። እዚህ ከተቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ በዚያች ጠባብ በር በቀጥታ ያለፉ ናቸው። አንዳንዶቹ ሪሚዲያል ገብተው፣ ዳግም ታግለው የመጡ ናቸው። በእኔ ሚዛን ሁለተኛዎቹ ከመጀመሪያዎቹ አያንሱም።

ደግሞ በየዶርሙ የምትዞር አንዲት ወሬ አለች። «በአፈርማቲቭ ነው እኮ የገባችው» የምትል። ዛሬ ማይኩ እጄ ላይ ስላለ ልመልስላት።

መግቢያ ላይ ለሴቶች የሚደረግ ድጋፍ አለ። የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ብዙዋ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው ደብተር የምትገልጠው። ወንድሟ በዚያ ሰዓት ቢያንስ ኳስ ይጫወታል። ድጋፉ ይህን ለማካካስ የመጣ ነው። ግቢ ከገባች በኋላ ግን ለብቻዋ የተዘጋጀ ወረቀት የላትም። ፋይናሉ አንድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ለሁሉም አንድ ነው። ማለፊያው ለወንዱም ለሴቷም 50 ነው። ስለዚህ «ለሴት ልጅ ጎበዝ ናት» የምትባለዋ ሙገሳ ትቅርብን። እነዚህ ልጆች ጎበዞች ናቸው። አለቀ።

አሁን ስለ አገልግሎት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ግቢ ውስጥ አገልግሎት ከትምህርቱ ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። ተማሪ ወጥቶ አገሩን ያገልግል ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥተው ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ያኔ በዩኒቨርሲቲው የነበሩት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ደግሞ ተማሪውን ገና ከጅምሩ ቀበሌ አወጣው። በኋላ ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ልማዱ ቀጠለ።

ሲቢቲፒን፣ ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራሙን፣ የማያውቅ የጅማ ተማሪ የለም። ወላጆች ግን ላታውቁት ትችላላችሁ። ልጆቻችሁ በቡድን ሆነው ቀበሌ ይመደባሉ። ቤት ለቤት ይዞራሉ። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃው የት እንዳለ፣ ሕፃናቱ ተከትበው እንደሆነ ጠይቀው ይመዘግባሉ። ከዚያ ከነዋሪው ጋር ተቀምጠው የትኛው ችግር ይቅደም ይላሉ። አቅም የፈቀደውንም አብረው ይሠራሉ። የመጨረሻ ዓመት የጤና ተማሪዎች ደግሞ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ፋርማሲስቱም፣ የላብራቶሪ ባለሙያውም አንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ።

ይህን ሥራ ለዓመታት ስከታተል ያየሁት ነገር አለ። ወንዱ ተማሪ ቤት ሲያንኳኳ እናትየዋ ትቀበለዋለች። ቡና ታፈላለታለች። ስለ ውኃውም፣ ስለ መንገዱም ትነግረዋለች። ስለ ማህፀኗ ግን አትነግረውም። የመጨረሻ ልጇን የት እንደወለደች፣ ጤና ጣቢያ ለምን እንዳልሄደች፣ ባሏ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ምን እንዳላት አትነግረውም። ሴቷ ተማሪ ጀበናው አጠገብ ስትቀመጥ፣ በተለይ አፋን ኦሮሞ የምትችል ከሆነች፣ ነገሩ ሌላ ነው። አቦሉ ላይ ስለ አየሩ ይወራል። ቶናው ላይ ስለ ልጆቹ። በረካው ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። ቅጹ ላይ የሚሞላው መልስ እውነተኛ የሚሆነው ያኔ ነው።

በጥሞና ያዳመጠችው ልጅ የሚታመን ዳታ ይዛ ትመለሳለች። ሪፖርቷ ይሻላል። ግሬዷም እንደዚያው። «አገልግሎት ከጥናት ሰዓት ይሻማል» የሚሉ ባልደረቦቼ አሉ፤ እኔ በነዚህ ልጆች ያየሁት ሌላ ነው።

ሁለት ሰው ልጥቀስና ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። ከአለማያ ተመረቁ፣ አሜሪካ ካንሳስ ዶክትሬታቸውን ሠሩ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ለዓመታት በከብት መኖ ሣርና በዕፅዋት በሽታ ላይ ተመራመሩ። ኋላም ወደ አፍሪካ ተመልሰው ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ። ይህ ሁሉ እውቀት የተመለሰው ወደ ሣሩና ወደ ከብቱ ነው። ከዚያው ከተነሱበት ከገበሬው ሕይወት አልራቀም።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ደግሞ ከምባታ ተወልደው፣ ውኃ ልቀዳ እያሉ ከቤት ተደብቀው የሚሲዮን ትምህርት ቤት የገቡ ሴት ናቸው። ኢየሩሳሌም ተማሩ፣ አሜሪካ ተማሩ። እዚያ ተማሪ ሳሉ ነው እንግዲህ መጻሕፍት እያሰባሰቡ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መላክ የጀመሩት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲመለሱ ዓላማቸው የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ነበር። ወደ ሕዝቡ ሲቀርቡ ግን ሕዝቡ መጀመሪያ የፈለገው ድልድይ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ። እሳቸውም ድልድዩን አሠሩ። ግርዛቱን የሚያነሳ ወሬ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሲቢቲፒ ላይ «ኅብረተሰቡ ራሱ ችግሩን ያስቀድም» እያልን ብዙ ስላይድ እናሳያለን። እሳቸው በአንድ ድልድይ ጨረሱት። ከእህታቸው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት በሠራባቸው ዓመታት፣ ቀድሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት ልጅ ይገረዝበት በነበረው አካባቢ ልማዱ በእጅጉ ቀነሰ። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል።

አመራሮቻችን ፊት ለፊት ስለተቀመጡ፣ ዕድሉን ልጠቀምበት። ሰርተፊኬቱ ደስ ይላል። ላፕቶፑም ደስ ይላል። ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ሞዴስ። ወላጆች ይቅርታ፣ ግን በግልጽ ካልተነገረ አይገዛም። በወር ውስጥ በዚህ ምክንያት ከክፍል የምትቀር ልጅ አለች። ዋጋው ደግሞ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ አልሆነም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በኬሚካል ምህንድስና የተማሩትን ይዘው መቀሌ ላይ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል ሞዴስ ማምረት የቻሉ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉትም በዚሁ ነው። እንግዲህ ለእኛ የቀረው ለየሴቶች ዶርሙ በጀት መያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ከላይብረሪ ወደ ሴቶች ዶርም የሚወስደው መንገድ መብራት። ወንዱ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነብ ሴቷ በጊዜ የምትወጣው እንቅልፍ ስለመጣባት እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛ፣ አገልግሎታቸው ከግሬዳቸው ጋር ማኅደራቸው ውስጥ ይግባ። ቀጣሪ ሲጠይቅ፣ ስኮላርሺፕ ስታመለክት፣ «ይህችን ይህችን ሠርታለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣት። ኮሚቴ በየዓመቱ ኮሪደር ለኮሪደር እየዞረ መረጃ አይልቀም።

ለተሸላሚዎቹ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፣ እንደ እናትም እንደ መምህርም። እምቢ ማለትን ልመዱ። ዛሬ «አገልጋይ ናት» ብለን በአደባባይ ስለመሰከርን ከነገ ጀምሮ የሰው ሁሉ ሥራ እናንተ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቡድን አሳይመንቱን ጽፊው፣ ለዝግጅቱ ቡናውን አፍይው፣ እንግዳውን ተቀበይው ይሏችኋል። የቡድን አሳይመንት ብቻውን የሚጽፍ ሰው አገልጋይ አይባልም፣ ተበዳይ ነው። የምትሰጡትን ሰዓት እናንተ ምረጡት።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። አንዳንዶቻችሁ የቡና ለቀማ ወቅት ላይ ሥራ ጥላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የልጃችሁ ስም ሲጠራ ዝም ብላችሁ እንዳትቀመጡ። እልልታ ይፈቀዳል። ፎቶ ለማንሳት ወደ መድረኩ መጠጋትም ይፈቀዳል፤ ፕሮግራም መሪው ከተቆጣ እኔ ፈቅጄ ነው በሉት።

መጀመሪያ የሚጠሩት ከጤና ኢንስቲትዩት ናቸው፣ ከዚያ ሕግ፣ ከዚያ ቴክኖሎጂ፣ ከዚያ እርሻ። ልጆች፣ በተርታ ተዘጋጁ።