መሃል ላይ የጎደለው ዲስክ፦ አኒሜና ማንጋ በፖስታ ሲከራዩ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) እና ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) በፖስታ ስለመከራየት ነው የማወራው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ተከታታይ አኒሜ በፖስታ የሚከራይን ሰው ከዋጋውም፣ ከፖስታው መዘግየትም በላይ የሚያንገበግበው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ፊልም ከሆነ ዲስኩ መጣ፣ ታየ፣ ተመለሰ፣ አለቀ። ተከታታይ ከሆነ ግን ሦስተኛው ዲስክ ከቀረ አራተኛው እጃችሁ ላይ ቢሆንም ምን ይጠቅማል?

እስቲ ሂሳቡን እንያዝ። ጃፓን ውስጥ ለኪራይ ተብሎ የሚወጣ የአኒሜ ዲቪዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ክፍል ከነመክፈቻና መዝጊያ ዘፈኑ ወደ 24 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ 12 ክፍል ያለው ሥራ 6 ዲስክ፣ 26 ክፍል ያለው ደግሞ 13 ዲስክ ይፈጃል። ጃፓን ውስጥ ዲስክ በፖስታ የሚያከራየው ቱታያ ዲስካስ የሚታወቅበት ወርኃዊ ውል በወር 8 ዲስክ ነው፤ በአንድ ፖስታ ሁለት ሁለት እየሆነ ይላካል። 12 ክፍሉ በሦስት ፖስታ ያልቃል። 26 ክፍሉ ሰባት ፖስታ ይፈልጋል፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው ወር መሻገሩ አይቀርም።

የምትመልሱበት ቀንም ለውጥ ያመጣል። የጃፓን ፖስታ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ተራ ደብዳቤና እነዚህ ዲስኮች የሚሄዱበትን ቀላል ጥቅል ቅዳሜ ማደል አቁሟል። በማግስቱ ማድረስም ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ቀርቷል። ሐሙስ ማታ የፖስታ ሳጥን ውስጥ የገባ ዲስክ እንግዲህ አከራዩ ጋ የሚደርሰው ቢፈጥን ሰኞ ነው፤ ሦስት ቀን በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ከገባ ግን፣ አከራዩ ሩቅ ካልሆነ፣ ቀጣዩ ፖስታ ዓርብ እጃችሁ ሊገባ ይችላል። በእኔ እምነት ቅዳሜና እሁድ አይቶ ሰኞ ጠዋት መመለስን የሚያህል የለም።

ለመሆኑ በአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው? ነገሩ ከሕጉ ጋር ይያያዛል። ጃፓን ውስጥ ፊልምና አኒሜ ለማከራየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የኪራይ ዲስክ ሱቅ ከሚሸጠው ተለይቶ፣ ለኪራይ ብቻ የሚል ምልክት ተደርጎበት ይታተማል። ስንት ክፍል እንደሚይዝም የሚወስነው አሳታሚው ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አንድን የፊልም ዲስክ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ያንኑ ዲስክ ማከራየት ይችላል። ኔትፍሊክስ ዲስክ በፖስታ የማከራየት ሥራውን በማርች 1998 ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 የዘለቀው በዚሁ ሕግ ላይ ቆሞ ነው። እዚያ የሚሸጠው ዲስክ አራት አምስት ክፍል ስለሚይዝ 26 ክፍል በስድስት ወይም በሰባት ዲስክ ያልቅ ነበር።

የአሜሪካው መንገድ ግን የራሱ ጉድለት ነበረው። አከራዩ ዲስኩን እንደማንኛውም ሰው ገበያ ወጥቶ ነው የሚገዛው። ከፖስታ የጠፋውን፣ የተሰበረውን፣ ተከራይ ያስቀረውን ለመተካት ገበያው ላይ መኖር አለበት። አኒሜ በዲስክ ከሚያሳትሙት መካከል ጄኒየን የአሜሪካ ቅርንጫፉን ሥርጭት በ2007 አቆመ፤ ሴንትራል ፓርክ ሚዲያ በ2009 ከሰረ፤ በዚያው ዓመት ኤዲቪ ፊልምስ ንብረቱን ሸጦ ወጣ። እነሱ ያሳተሙት ብዙ ሥራ ከገበያ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከሰባቱ ዲስክ አራተኛው ከተሰበረ ስድስቱ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብለው ተከታታዩ ሞተ ማለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ የሰው ድካም በአንድ ስንጥቅ መሃል ላይ ይቆረጣልና።

ስለዚህ አከራዩ እንዲልክላችሁ በምትመዘግቡት ዝርዝር ውስጥ አንደኛውን ዲስክ ከማስገባታችሁ በፊት የሁሉንም ዲስኮች ሁኔታ አንድ በአንድ እዩ። መሃል ላይ «እጥረት አለ» የሚል ካገኛችሁ እሱ እስኪለቀቅ ድረስ ተከታታዩን አትጀምሩ፤ እስከዚያው ራሳቸውን የቻሉ ፊልሞችን ከላይ አድርጉ። ዲስኮቹ በቅደም ተከተል እንዲመጡ የሚያደርግ ምርጫ ካለም አብሩት። ካልበራ ሥርዓቱ የሚልክላችሁ መደርደሪያ ላይ ያገኘውን ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ። ዲቪዲ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው ነው የሚሠራው፤ መረጃው መሃላቸው ነው። ብሉሬይ ላይ ግን መረጃው ከሚነበበው ገጽ የሚርቀው 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ላዩ ጠንከር ያለ ሽፋን ስላለው በቀላሉ አይጫርም፤ አንዴ በጥልቁ ከተጫረ ግን እንደ ዲቪዲው ፍቆ ማዳን አይሞከርም።

ፖስታውን ስትከፍቱ ዲስኩን ጠርዙን ይዛችሁ መብራት ላይ አዘንብሉት፣ መጀመሪያ የመሃሉን ቀዳዳ ዙሪያ ተመልከቱ። ከቀዳዳው ወደ ውጭ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡት፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል። አንዳንዱ ስንጥቅ የሚመጣው የመያዣው የመሃል ቁልፍ ሳይጫን ዲስኩ በጉልበት ሲነቀል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ፖስታውን ሲያጥፈው ነው። ጌምፍላይ የተባለው የጌም አከራይ በ2009 የአሜሪካን ፖስታ ቤት የከሰሰው የኔትፍሊክስ ፖስታ በእጅ እየተለየ የእኔ በማሽን እያለፈ ይሰበራል ብሎ ነው፤ ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም አድልዎ መኖሩን አረጋግጧል።

አሻራ ካለበት ለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን አታሽከርክሩ። በዙሪያው የሚሄድ ጭረት ተከታታይ መረጃ ስለሚያበላሽ የማጫወቻው የስህተት ማረሚያ ሥርዓት ሊሸፍነው አይችልም፤ አቋርጦ የሚያልፈውን ግን ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። ዲስኩ የሚነበበው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ አንድ ንብርብር ያለው ዲስክ መጨረሻው አካባቢ ከተንቀረፈፈ ችግሩን ጠርዙ ላይ ፈልጉ።

ዲስክ ገዝቶ አገር ለሚያቋርጥ አንድ ነገር ልጨምር። ዲስክና ማጫወቻ የሚገጥሙት በቀጠና ቁጥር ነው፤ የጃፓን ዲቪዲ ቀጠና 2 ነው፣ የአሜሪካ 1፣ የኢትዮጵያ 5። የእስራኤልና የገልፍ አገሮች ግን እንደ ጃፓን 2 ናቸው። በብሉሬይ ጃፓንና አሜሪካ አንድ ቀጠና ውስጥ ናቸው። የጃፓን የኪራይ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ የለውም።

ማንጋው ሌላ ዓለም ነው። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ መጽሐፍ ማከራያ ሱቆች ነበሯት፤ ሺገሩ ሚዙኪን የመሰሉ ሠዓሊዎች ለእነዚህ ሱቆች እየሳሉ ነው ያደጉት። የማከራየት መብት ግን መጽሐፍን የሸፈነው ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ደራሲዎች ከኪራዩ ድርሻ የሚያገኙበት መንገድ ተበጀ፤ እኔ ይህን በጣም እደግፋለሁ።

በፖስታ የሚከራይ ማንጋ ብዙ ጊዜ ከአሥር ቅጽ ጀምሮ ነው፣ ምክንያቱም ማጓጓዣው ነው። ተራው ቅጽ 11 በ17 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ 200 ገጽ ያህል አለው። ሃያ ቅጽ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ የፖስታ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ በካርቶን ነው የሚሄደው። ጃፓን ውስጥ የካርቶን ዋጋ የሚቆረጠው ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ተደምሮ ነው፣ 60፣ 80፣ 100 ሴንቲሜትር እየተባለ። አሥር ቅጽ በ60ው ይገባል፤ ለሃያው 80ውን አስቡ። ታሪኩ አሥረኛው ቅጽ ላይ በልኩ ስለማይቆም ሁለት ሦስት ጨምራችሁ ብታዙ የተሻለ ነው።

ስትመልሱ መጻሕፍቱን አጋድማችሁ ደርድሩ፣ የጀርባቸውን አቅጣጫ በየአምስቱ አፈራርቁ። አለበለዚያ ክምሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድልና ጥጎቹ ይታጠፋሉ። ጁን ላይ ዝናቡ ስለሚበዛ ካርቶኑ ውስጥ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ፤ ውሃ የነካው ቅጽ ስለሚያብጥ ተከራዩ ዋጋውን ይጠየቃል። ክፍተቱን በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት። ቴፑን ከመለጠፋችሁ በፊት ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥር ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ የመዘግየት ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በየቅጹና በየቀኑ ስለሆነ ሃያ ቅጽ አንድ ቀን ቢዘገይ ሃያ ጊዜ ነው የሚከፈለው።