ልጁ ይዞት የመጣው፦ በሐዋሳ ለሕፃናት ማሳደጊያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሕፃናት ማሳደጊያ ኃላፊዎች፣ ሞግዚቶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች፤ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለ ልጆቻችን ለመነጋገር ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሞግዚት ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ለሁሉም ልጅ እኩል ምግብ፣ እኩል ብርድ ልብስና እኩል የመኝታ ሰዓት ከሰጠሁ ማንንም አላዳላሁም ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያናጋው ከገጠር የመጣ የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። በአማርኛ ስንጠራው አይመልስም፤ ከግድግዳው ጥግም አይርቅም ነበርና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው «መናገር አይችልም» ብለን በመዝገቡ ጻፍን። አንድ ቀን ወጥ ቤት የምትሠራው እኅታችን ቆጮ እየጋገረች በሲዳሙ አፎ ብታናግረው፣ ልጁ ተነሥቶ ቀሚሷን ጨብጦ ማውራት ጀመረ፤ እንቅልፍ እስኪወስደውም አላቋረጠም። ለካስ እኛ ለአፋችን እንዲመች አሳጥረን የምንጠራው ስም እንኳ የእሱ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር ስም የማግኘትን መብት በሕይወት ከመኖር መብት ቀጥሎ ያስቀምጣል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 20፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ ለሚያድግ ልጅ መጠለያ ሲፈለግ ብሔሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ባህሉና ቋንቋው በሚገባ እንዲታሰብበት ይጠይቃል።

ስለዚህ ልጅ በተቀበልንበት ዕለት ቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ በየትኛው ቋንቋ አፉን እንደፈታ፣ ከመካከላችን ማን ሊያናግረው እንደሚችል ጠይቀን እንጻፍ። ሥጋ በሚሠራበት ቀን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ ተለይቶ ይቅረብ፤ «ትንሽ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» የሚለውን አነጋገር በግሌ እጅግ እጠላዋለሁ፤ ልጅ እናቱ ያጎረሰችውን አይረሳምና። በሲዳማ ዘመን መለወጫ የሰፈሩ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ የእኛዎቹ ከአጥር ውስጥ ሆነው ብቻ መስማት የለባቸውም፤ የወላይታው ልጅም የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲደርስ በዓሉ እንደሆነ ይነገርለት። ቅዳሜ ጧት ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ ሴቶቹ የሁሉንም ልብስ የሚያጥቡበት ልማድም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

የዚያን ልጅ መዝገብ ያረምነው ወጥ ሠሪዋን አጠገባችን አስቀምጠን ነው፤ እሷ እየጠየቀችው፣ እሱ ስሙን ደጋግሞ እየነገረን። ነገ ወደየማሳደጊያችሁ ስትመለሱ የልጆቹን መዝገብ አውጡና ከራሳቸው ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ አንድ በአንድ እንድታዩት እለምናችኋለሁ።