ባዶ ቦቴ ባዶ አይደለም፦ ከኮምቦልቻ እስከ ጅቡቲ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ቦቴ ነው። ስለ ሙሉው አይደለም፣ ስለ ባዶው። ነዳጁን ኮምቦልቻ አራግፎ፣ በባቲ ቁልቁል ወርዶ፣ ሚሌን፣ ሰመራን፣ ጋላፊን አልፎ እንደገና ለመጫን ጅቡቲ ስለሚሄደው።

ቦቴው ተጭኖ ሲመጣ ሁሉም ይጠነቀቅለታል። ሲመለስ ግን «ባዶ ነው እኮ» ይባላል። የጭነቱን አደገኛነት በቁጥር የሚናገረው ብርቱካናማ ሰሌዳ ይነሳል፣ ረዳቱ ሲጋራ ይለኩሳል፣ መኪናው ሻይ ቤት አጠገብ ይቆማል። ባዶ ቦቴ ባዶ አይደለም። ልድገመው፦ ባዶ ቦቴ ባዶ አይደለም።

እስቲ የወተት ቅል ሲታጠን አስታውሱ። ቅሉ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። ወይራው ፍም ላይ ሆኖ መጨስ ሲጀምር ቅሉ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ይደፋበታል። ጭሱ ይገባል፣ ይታፈናል፣ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ቅሉን ቀና አድርጋችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ምን አለ? ምንም አይታይም። አሽትቱት እስቲ! ወይራው እዚያው ነው። አሁን ወተት ጨምሩበት። ትንሽ ቆይታችሁ ብትቀምሱት ወይራ ወይራ ይላል። ወተቱ ላይ ወይራ የጨመረ ሰው የለም፤ ቅሉ ነው ያቀበለው። የጠላ ጋንም እንደዚሁ ነው፣ ጌሾው ሳይገባ በፊት ጭሱ ቀድሞ ገብቷል።

ቦቴውም ቤንዚን ተራግፎ ሲያልቅ በቤንዚን ትነት ታጥኗል። ለዓይን ምንም የለውም፤ ውስጡ ግን ሙሉ ነው። ወተቱን ደግሞ አትርሱት፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ ልበል። የቤንዚን ትነት የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር ተደባልቆ መጠኑ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ትነቱ አይበቃም፣ ከዚያ በላይ አየሩ አይበቃም። በሙሉ ቦቴ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለችው ጠባብ ቦታ በትነት ስለምትጠግብ አብዛኛውን ጊዜ ከወሰኑ በላይ ናት። አሁን 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ክፍል ውሰዱ። ተራግፎ 1 ሊትር ብቻ ቀረ እንበል፣ ከቫልቩ ጉሮሮና ከውስጥ መከፋፈያው ብረት ሥር። 1 ሊትር ቤንዚን ሲተን 200 ሊትር ገደማ ትነት ይሆናል። 200 ለ10,000 ሲካፈል 2 በመቶ። የሚፈነዳው ክልል ውስጥ ገባ ማለት ነው። በአንድ ሊትር!

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ «ክዳኑን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ማዋል አይበቃም ወይ?» አይበቃም። እንዲያውም ይብሳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ክዳኑን ስትከፍቱ ትነቱ ተጠርጎ አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። ከ7.6 በላይ የነበረው ትነት ቀስ እያለ ወደሚፈነዳው ክልል ይወርዳል። ፀሐዩ ደግሞ የቀረውን ፈሳሽ እያተነነ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሰውዬው አጸዳሁ ብሎ በስልኩ መብራት ጎንበስ ብሎ የሚያይበት ሰዓት ነው አደገኛው።

መንገዱም የራሱ ነገር አለው። ኮምቦልቻ ላይ ውኃ ጠጥታችሁ የጨረሳችሁትን ፕላስቲክ ጠርሙስ በደንብ ክደኑትና ሚሌ ድረስ ይዛችሁ ውረዱ። ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 500 ሜትር ገደማ ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ነው። ቦቴውም ያንኑ ግፊት ያያል፤ የሚያድነው መተንፈሻ ቫልቩ ነው። ቁልቁል ሲወርድ አየር ይስባል፣ ቀን አፋር ላይ ሲግል ትነት ይተፋል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። ሽታው አስቸገረኝ ብሎ ቫልቩን በጨርቅ የሚጠቀጥቅ ሰው ታንኩን እንደ ጠርሙሱ ያጨማድዳል። አቧራ የደፈነውም እንደዚያው ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት እዩት።

የሚተፋው ትነት የት ይሄዳል? ወደ መሬት። ሰኞ ባቲ ገበያ ዳር የቆመ ባዶ ቦቴ አስቡ። ከጎኑ ቡና የምታፈላ እናት አለች። ከሰል ምድጃዋ መሬት ላይ ነው፣ ልክ ትነቱ በሚሄድበት ከፍታ። እኔ በበኩሌ ባዶውም ሙሉው በማይቆምበት ቦታ መቆም የለበትም እላለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለሾፌር ወዳጆቻችሁም ላኩላቸው።

ወደ ድንበሩ። ታንኩ ታጥቦ ትነቱ እስኪወጣ ድረስ ብርቱካናማው ሰሌዳ አይነሳም፣ ዓለም አቀፉ ደንብ ይህ ነው። ከላይ 33፣ ከታች 1203፦ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ ቤንዚን። ናፍጣ ከሆነ 30 እና 1202። ከጋላፊ ማዶ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። መኪናው ቢገለበጥ እሳት አጥፊው አማርኛችሁን አያነብም፣ ቁጥሩን ግን ያነባል። ወረቀቱም ላይ «ባዶ» ብቻ አይጻፍ። «ባዶ ቦቴ፣ የመጨረሻ ጭነት 1203 ቤንዚን» ይባል።

አሁን ወተቱ። ጅቡቲ ላይ ቤንዚን የነበረበት ክፍል ናፍጣ ሲጫንበት ናፍጣው የቤንዚኑን ትነት ይጠጣል፣ እንደ ወተቱ። ትነቱ ቀንሶ የሚፈነዳው ክልል ውስጥ ይገባል። ናፍጣ ደግሞ በቱቦ ሲሮጥ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያጠራቅማል። አንድ ብልጭታ ይበቃል። ስለዚህ ሙሉን ወደ መሬት የሚያወርደው የግራውንድ ሽቦ ከቱቦው በፊት ይታሰራል፣ ከቱቦው በኋላ ይፈታል። የመሙያው አፍ በፈሳሽ እስኪሸፈን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር አይበልጥም። የቸኮለ ሰው የሚያቃጥለው እዚች ላይ ነው።

«ናፍጣማ አይነድም» የምትሉ አላችሁ። ክብሪት ሲጣልበት ሊጠፋ ይችላል፣ ልክ ናችሁ። ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ትነቱ ይቀጣጠላል፣ የብየዳ እሳት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች፣ ናፍጣ ብቻ ጭኖ የኖረ ታንክም ሳይታጠብ አይበየድም። በእንፋሎት ይታጠባል፣ ዝቃጩ ተጠርጎ ይወጣል፣ ቫልቩና ቱቦው ይፈታል፣ ከዚያ በጋዝ መለኪያ ከላይም ከታችም ይለካል። ዜሮ ካላለ ኤሌክትሮዱ አይነካም። ዝገት ሥር የተደበቀ ነዳጅ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚወጣ ብየዳው ለምሳ ከተቋረጠ፣ ከምሳ መልስ እንደገና ይለካል።