ለ50 ኸርዝ መብራት የ60 ኸርዝ ፊልተር

የተከበራችሁ የጥገናና የአውቶሜሽን ባለሙያዎች፣

ዛሬ የምናነሳው ብዙዎቻችን ሳንነካው የምናልፈውን የአናሎግ ሞጁል (የሴንሰሮችን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይር የመቆጣጠሪያ ክፍል) ምርጫ፣ የቻናሉን የፊልተር ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ፊልተሩ ከመብራት መስመር ወደ ሴንሰሩ ሽቦ የሚገባውን ረብሻ የሚቀንስ ነው።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ ሞጁሎች ግን ብዙ ጊዜ ከካርቶናቸው ሲወጡ 60 ላይ ናቸው፤ የአለን ብራድሊ 1769-አይቲ6 የቴርሞካፕል (ሙቀትን በትንሽ ቮልቴጅ የሚያሳይ ሴንሰር) ሞጁል አንዱ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ፊልተሩ ጨርሶ የሚያጠፋው የተቀመጠበትን ፍሪኩዌንሲና ብዜቶቹን ነው። 60 ላይ ከተተወ 50 ኸርዙን የሚቀንሰው በ43 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ወደ 1/140 ያህል ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ከሞተር ኬብል ጎን በተዘረጋ የቴርሞካፕል ሽቦ 10 ሚሊቮልት ረብሻ ቢገባ፣ 70 ማይክሮቮልት ያህሉ ያልፋል። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ የምድጃው ሙቀት ሳይለወጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 1.7 ዲግሪ ይዋዥቃል። ቴርሞካፕሉ ተበላሽቷል ተብሎ ይቀየራል፤ አዲሱም ያው ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ መዋዠቁ ከቆመ መጀመሪያ ፊልተሩን እዩ። 50 ላይ ካደረጋችሁት በጄነሬተር ስትሠሩ ፍሪኩዌንሲው 48 ቢወርድ እንኳ ረብሻው ከ80 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል።

ታዲያ ሁሉንም 10 ላይ ብናደርገውስ? 50ም 60ም የ10 ብዜቶች ስለሆኑ ሁለቱንም ያጠፋል። ግን ጊዜ ይበላል። የሙቀቱ ለውጥ ሙሉ በሙሉ እስኪነበብ 10 ላይ 300 ሚሊሰከንድ፣ 50 ላይ 60 ይፈጃል። ይህ ሞጁል ደግሞ ቻናሎቹን የሚያነበው በየተራ ነው፤ ስድስቱም 10 ላይ ከሆኑ፣ የሽቦ መጋጠሚያውን ሙቀት ንባብ ጨምሮ አንዱ ዙር 2.1 ሰከንድ ይደርሳል፣ 50 ላይ ግን 0.5 አይሞላም። በየ100 ሚሊሰከንዱ የሚሠራ ፒአይዲ (ሙቀቱን በተፈለገው ልክ ለማቆየት ቫልቩን የሚያዝ የቁጥጥር ስሌት) ሃያ አንድ ጊዜ ያህል ያንኑ አሮጌ ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ ድንገት ሲዘል ለለውጥ ፍጥነት ምላሽ የሚሰጠው የዲ ክፍሉ ቫልቩን ወዲያና ወዲህ ይወረውረዋል። ቀስ ብሎ ለሚሞቅ ታንክ 10 ይበቃል፤ ለቁጥጥር ሉፕ 50 ይሻላል።

የሃይድሮሊክ ግፊት ሌላ ነው። ፍጥነት ስለሚፈልግ በሚመጥነው ሞጁል ላይ 250 ይመረጣል፤ ያኔ ግን እስከ 65 ኸርዝ ያለው ሁሉ ያልፋል፣ የመብራቱም ረብሻ አብሮ። እዚያ የሚያድነው ኬብሉ ነው፦ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሺልድ (የኬብሉ የብረት ሽፋን)፣ ከኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ኬብል የተለየ መስመር።

የማትጠቀሙበትን ቻናልም ዝጉት፤ ክፍት ከተተወ ተራውን ይወስዳል።