ደሴ ላይ ሆኖ የሚደምቁ ጥንድ ኮከቦችን መጠበቅ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ስለ ሩቅ ኮከቦች የማወራችሁ ለሥራ ልጋብዛችሁ ስለ መጣሁ ነው።

ካታክሊስሚክ ቫሪያብል የሚባሉት ኮከቦች ጥንዶች ናቸው። አንደኛው ወደ ፀሐይ የሚጠጋ ክብደት ምድርን በምታህል ኳስ ውስጥ አምቆ የያዘ ነጭ ድንክ ነው፤ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ድንክ የሚባል ቀዝቀዝ ያለ ትንሽ ኮከብ ነው። በጣም ስለተቀራረቡ ብዙዎቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ነጩ ከጎረቤቱ ጋዝ ይስባል። ጋዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አይወድቅበትም፤ ዙሪያውን ዲስክ ሠርቶ ይሽከረከራል። ዲስኩ እያጠራቀመ፣ እየጋለ ይቆይና ግድብ እንደ ጣሰ ውኃ ወደ ውስጥ ይንደረደራል። ከእነዚህ ጥንዶች አንዱ የሆነው ኤስኤስ ሲግኒ ያን ጊዜ አርባ እጥፍ ያህል ይደምቃል።

ይህን ኮከብ በ1896 እ.ኤ.አ. ያገኘችው የሃርቫርዷ ሉዊዛ ዌልስ ናት፤ የሰማይ ፎቶግራፎችን በዓይኗ እያነጻጸረች። ዛሬ ያንን ድካም ኮምፒውተር ተረክቦታል። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የዝዊኪ የሰማይ ቅኝት በቴሌስኮፕ ሰፊውን ሰማይ ደጋግሞ ፎቶ ያነሳል፤ ከአዲሱ ምስል ላይ አሮጌው ሲቀነስ የተለወጠው ብቻ ይቀራል። ብዙው መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው።

ታዲያ እኛ ለምን እናስፈልጋለን? ቅኝቱ አንዱን የሰማይ ክፍል አንስቶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ኮከቡ ግን አይጠብቅም። ካሊፎርኒያ ሲነጋ ደግሞ ወሎ ሊመሽ ነው።

የኤስኤስ ሲግኒን ርቀት ታሪክ ልብ በሉልኝ። በሃብል ቴሌስኮፕ ሲለካ 520 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ። ያ እውነት ከሆነ ኮከቡ ከሚገባው በላይ ደማቅ ነው፤ የዲስኩም ንድፈ ሐሳብ ችግር ላይ ይወድቃል። ለማጣራት በሬዲዮ ቴሌስኮፕ መለካት ነበረበት፤ የሬዲዮ ሞገዱ ግን በደንብ የሚያዘው ኮከቡ ሲደምቅ ነው። መድመቁን ነቅተው ጠብቀው ያሳወቁት በፍላጎታቸው የሚታዘቡ ሰዎች ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት 370 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ፤ ንድፈ ሐሳቡም ዳነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ለቴሌስኮፕ ማቆሚያ ተጠንተዋል። መሣሪያው እስኪመጣ ግን መቀመጥ የለብንም። ሐምሌና ነሐሴ በደመና ያልፋሉ፤ በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ኤስኤስ ሲግኒ ከምሽቱ ጀምሮ በሰሜን በኩል ይገኛል። ሲደምቅ ከከተማው መብራት ርቆ ጦሳ ተራራ ላይ ለወጣ ሰው በእጅ መነጽር (ባይኖኩላር) ይታያል። ድምቀቱን ድምቀታቸው ከሚታወቅ ሁለት ጎረቤት ኮከቦች ጋር አነጻጽሩ፤ ሰዓቱን ጻፉ፤ በ1911 እ.ኤ.አ. ለተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ታዛቢዎች ማኅበር ላኩ። በመነጽራችሁ ካልታያችሁም «አልታየም» ብላችሁ ላኩ፤ መድመቂያው ሰዓት የሚታወቀው በዚያም ነው።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሳትወጡ ስማችሁን አስፍሩ፤ ማን በየትኛው ምሽት እንደሚወጣ ዛሬውኑ እንከፋፈል።